ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ ኮሌጅቪል፦ የኢትዮጵያ ድርሳናትና ሥዕሎች በዩኒቨርሲቲዎች ዲጂታል ክምችት

አንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም የምርምር ተቋም ዲጂታል ክምችት አለው የሚባለው፣ በእጁ ያሉትን ወይም ባለቤቶቻቸው ፈቅደውለት ፎቶግራፍ ያነሣቸውን ጽሑፎች፣ ሥዕሎች፣ ድምፆችና የጥናት ውጤቶች በኮምፒዩተር እንዲነበቡ አዘጋጅቶ፣ ለእያንዳንዳቸው መለያ ቁጥርና መግለጫ ሰጥቶ፣ በመረብ አማካይነት ለአንባቢ ሲያቀርብ ነው። የኢትዮጵያን ቅርስ ከያዙት እንዲህ ያሉ ክምችቶች መካከል የ13ኛው መቶ ዓመት የብራና ወንጌል፣ የደብተራ ክታብ፣ የሐረር የዐረብኛ መጽሐፍ፣ ከደቡብ ኢትዮጵያ የተነሣ ፎቶግራፍና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የማስተርስ ጽሑፍ ይገኛሉ። ይህ ስብጥር ግን በአንድ ሰው ዕቅድ የተገኘ አይደለም፤ እያንዳንዱ ዘመን የፈለገውን ሰበሰበ፣ በእጁ የነበረው መሣሪያ የፈቀደለትን ቀዳ፣ ያልፈለገውንና ያልቻለውን ደግሞ ተወው። በመሆኑም አንድ ተመራማሪ ዛሬ በስክሪን ላይ የሚያገኘውን ብቻ ሳይሆን የሚያጣውንም ለመረዳት ክምችቶቹ የተፈጠሩበትን ቅደም ተከተል መከተል ይኖርበታል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ታሪኩ ከካሜራ እጅግ ቀድሞ በገዳማት ዕቃ ቤት ይጀምራል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ያቋቋሙት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከላት አንዱ ነበር፤ በ1280 ወይም በ1281 ለዚሁ ገዳም የተሰጠው አራቱ ወንጌል እስከ ዛሬ ሲኖር፣ የራሳቸው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ሥዕል በውስጡ ይታያል። እንዲህ ያለው ወንጌል የሚነበብ መጽሐፍ ብቻ አልነበረም። የገዳሙ ርስት፣ የነገሥታቱ ስጦታና የንዋየ ቅድሳቱ ዝርዝር በባዶ ቅጠሎቹና በኅዳጎቹ ይጻፉ ነበር፤ ምክንያቱም ከቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ሁሉ እጅግ የተከበረውና ማንም ሊፍቀው የማይደፍረው እርሱ ስለነበር ነው። «ወንጌል ዘወርቅ» የሚባሉት መጻሕፍት በዚህ ምክንያት የአምልኮ መጽሐፍም፣ የሥዕል መድብልም፣ የሕግ ሰነዶች መዝገብም ሆነው አገልግለዋል። የኋላ ዘመን ካታሎጎች ሦስቱን ባሕርያት ነጣጥለው በየፊናቸው ሊመዘግቡ ሲሞክሩ የገጠማቸው ችግር ምንጩ ይኸው ነው።

ከ18ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ጀምሮ መጻሕፍቱ ከአገር መውጣት በዙ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ቆይታው በኋላ በ1773 ወደ አውሮፓ ሲመለስ፣ በሌላው ዓለም ሙሉ ቅጂው ጠፍቶ የነበረውን መጽሐፈ ሄኖክ በግእዝ ይዞ ተመለሰ፤ መጽሐፉ በ1821 በእንግሊዝኛ ታትሞ ሲወጣም የአውሮፓ የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቃውንት ወደ ግእዝ ማተኮር ጀመሩ። ጀርመናዊው አውጉስት ዲልማን በ1847 በለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም፣ በ1848 ደግሞ በኦክስፎርዱ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት የነበሩትን የግእዝ መጻሕፍት በካታሎግ አወጣ። ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ኢትዮጵያን ለዓመታት የዞረው አንቷን ዳባዲ በ1859 የራሱን ስብስብ ሲገልጽ 234 ቁጥሮችን መዘገበ፤ ዳባዲ ማየትና መግዛት ያልቻላቸውን መጻሕፍት እንኳ ስማቸውን ጠይቆ የሚጽፍ ሰው ስለነበረ፣ ከሌሎቹ ይልቅ የካታሎግን ምንነት የተረዳው እርሱ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ የመጣው የመቅደላ ጉዳይ ከግዢም ከልውውጥም የተለየ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያስመጧቸው መጻሕፍት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1868 ከሞቱ በኋላ በእንግሊዝ ጦር ተዘረፉ፤ ወደ 350 የሚጠጉትም ወደ ብሪታንያ ሙዚየም ገቡ። ዊልያም ራይት በ1877 ያሳተመው ካታሎግ የተመሠረተው በዋነኛነት በዚህ ዘረፋ ላይ ነው። ካታሎጉ በዕውቀት ጥራቱ እስካሁን የሚጠቀስ ሥራ ቢሆንም ሁለት ነገሮችን ለተከታዮቹ አውርሷል። አንደኛው፣ መጻሕፍትን በአውሮፓ ሊቃውንት ፍላጎት መሠረት ከመጽሐፍ ቅዱስ ጀምሮ በይዘት የመደርደር ልማድ ሲሆን፣ ሁለተኛው የጎንደርን ታሪክ ሊያጠና የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ወደ ለንደን መጓዝ ያለበት መሆኑ ነው።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ፎቶግራፍና ድምፅ መቅጃ ሲመጡ የሚሰበሰበው ነገር ዐይነትም ተለወጠ። በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን የአክሱም ጉዞ በ1906 የአክሱምን ሐውልቶችና የትግራይን አብያተ ክርስቲያናት ሲለካና ፎቶግራፍ ሲያነሣ፣ የቡድኑ ሐኪም ኤሪክ ካሽኬ የሰዎችን ድምፅ በሰም በርሜል ቀዳ፤ የሰም በርሜል ማለት በላዩ ላይ በመርፌ የተቀረጸው ድምፅ ተመልሶ የሚሰማበት የዘመኑ መቅጃ ነው። በ1934 እና በ1935 ደግሞ በፍራንክፈርት የሚገኘው የፍሮቤኒዩስ ተቋም በአዶልፍ የንሰን መሪነት ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ዘልቆ የገዳን ሥርዓት፣ የአዝመራና የመቃብር ሥርዓቶችን በፎቶግራፍና አብሮት በተጓዘው ሠዓሊ በአልፍ ባይርለ ሥዕሎች መዘገበ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በ1950ዎቹ ተመልሶ ሄደ። በመረብ የተለቀቀው የተቋሙ የሥዕል መዝገብ ዛሬ የሚነበበው ከተሰበሰበበት ዓላማ በተለየ መንገድ ነው፤ የጀርመን ሰብእ ጥናት ንድፈ ሐሳብ እንዲያስረዳ የተነሣው ፎቶግራፍ፣ ለደቡብ ኢትዮጵያ ማኅበረሰቦች የአያቶቻቸውን ቤት አሠራርና አለባበስ የሚያሳይ ብርቅ ማስረጃ ሆኗል። የግእዝ ብራና የሌላቸው ሕዝቦች ወደ ዲጂታሉ ዓለም የገቡት በአብዛኛው በዚህ በር በመሆኑ፣ የሰብሳቢው ዐይን ባላረፈበት ቦታ ምንም የለም።

በአገር ውስጥ ሳይንሳዊ ስብስብ የተጀመረው ዘግይቶ ነው። በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1961 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ (የኋላው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ) አደገ፤ በ1963 ደግሞ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተ። የተቋሙ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ሲሆን፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ያደራጀው ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ነበር። ሆይናትስኪ የገበያ ሻጭ የሚያመጣውን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ መስቀልና የቤት ዕቃ በተቻለው ሁሉ እየገዛ ከአገር እንዳይወጣ ማድረጉ ብቻ ሳይሆን፣ ሥዕልን እንደ መጽሐፍ ጌጥ ሳይሆን እንደ ራሱን የቻለ የጥናት መስክ እንዲታይ አድርጓል። በዚሁ ተቋም መደርደሪያዎች ላይ የግእዝ ብራናዎች፣ የዐረብኛ መጻሕፍት፣ ጋዜጦች፣ ደብዳቤዎች፣ ልቦለዶችና የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች አብረው ተቀመጡ። ይህ ቅልቅል አንዳንድ ጎብኚ እንደ ዝርክርክነት ቢያየውም፣ የኋላውን ዘመን ዲጂታል ክምችት የሚመስለው ከአውሮፓ ካታሎጎች ሁሉ ይልቅ እርሱ ነው።

ማይክሮፊልም የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ማይክሮፊልም ማለት የመጽሐፉን እያንዳንዱን ገጽ በጣም አሳንሶ በጥቅል ፊልም ላይ መቅዳትና በማንበቢያ መሣሪያ አጉልቶ ማንበብ ሲሆን፣ መጽሐፉ ከቦታው ሳይነሣ ይዘቱ እንዲጓዝ ያስቻለ ዘዴ ነበር። ጀርመናዊው ኧርንስት ሐመርሽሚት በ1968 የጣና ሐይቅ ደሴቶችን መጻሕፍት በዚህ መንገድ አነሣ፤ ወዲያውም ዩኔስኮ ተመሳሳይ ሥራ አከናወነ። ሰፊው ዘመቻ የተጀመረው ግን በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ኮሌጅቪል በምትባል ቦታ፣ በቅዱስ ዮሐንስ የቤነዲክቶሳውያን ገዳምና ዩኒቨርሲቲ በኩል ነው። የዚያ ገዳም መነኮሳት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሞንቴ ካሲኖ ገዳም ሲፈርስ አይተው፣ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የአውሮፓ ገዳማት መጻሕፍት በአንድ ቦምብ ሊጠፉ ይችላሉ ብለው በመስጋት በ1965 ከኦስትሪያ ጀምረው ማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ፤ ሂል የሚል ስም ያገኘው ቤተ መጻሕፍታቸውም በዚሁ ሥራ ላይ ተመሠረተ።

ወደ ኢትዮጵያ የተሻገሩት በ1973 ነው። የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲው የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቅ ዋልተር ሃረልሰን፣ በግእዝ ብቻ ሊገኙ የሚችሉ የጥንት አይሁድና የክርስትና መጻሕፍት በኢትዮጵያ ገዳማት ተደብቀው ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረው፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ጽሕፈት ቤት በበኩሉ ቅርሱ ከስርቆትና ከእሳት እንዲተርፍ ይሻ ነበር። የሁለቱ ፍላጎት ተገናኝቶ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት ተቋቋመ፤ ታሪክ ጸሐፊው ዶክተር ሥርግው ሀብለ ሥላሴም በአዲስ አበባ በኩል ሥራውን ካካሄዱት አንዱ ነበሩ። የፊልሙ አንድ ቅጂ በአዲስ አበባ ቀርቶ ሌላው ወደ ኮሌጅቪል ይላክ ነበር። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ሥራው ሲያበቃ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተቀድተዋል፤ በአባ ኢየሱስ ሞዐ ስም የሚጠራው የሐይቅ ወንጌልም በመካከላቸው ቁጥር 1832 ሆኖ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ዘመቻው የራሱ ቅርጽ ነበረው። አብዮቱ በ1974 ሲፈነዳና በሰሜን ጦርነት ሲበረታ ቡድኑ በብዛት ሊደርስ የቻለው ወደ ሸዋ፣ ወደ ወሎና ወደ ጎጃም ነበር፤ የትግራይና የኤርትራ ገዳማት አብዛኛዎቹ ከፊልሙ ውጭ ቀሩ። ፊልሙም ጥቁርና ነጭ ስለነበር የቀለሙ ትርጉም ጠፋ። በግእዝ መጽሐፍ ቀይ ቀለም ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የጌታና የእመቤታችን ስም፣ የምዕራፍ መጀመሪያና ብዙ ጊዜም የመጽሐፉ ባለቤት ስም በቀይ ይጻፋል። ባለቤት ሲቀየር የቀድሞው ስም ተፍቆ አዲሱ በላዩ የተጻፈ እንደሆነ ከፊልሙ ለመለየት እጅግ ያስቸግራል። በድጓ ላይ ከመስመሩ በላይ በደቂቅ ፊደል የሚሰፍሩት የዜማ ምልክቶችም ቢሆኑ በፊልሙ ላይ ደብዝዘው የሚታዩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ጽሑፍ ለሚያነብ ሊቅ የበቃው ፊልም ለሠዓሊና ለዜማ አጥኚ አልበቃም።

ክምችቱን ከፊልም ጥቅል ወደ ዕውቀት የለወጡት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1931 በሸንኮራ ተወልደው፣ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ቀምሰው፣ በካይሮና በጀርመን ቱቢንገን ተምረው፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት እኚህ ሊቅ ከደርግ ጋር ባለመስማማታቸው በ1975 ወታደሮች ቤታቸው ድረስ መጥተው በተኮሱባቸው ጥይት መራመድ ተሳናቸው። ለሕክምና ከአገር ከወጡ በኋላ በ1976 ኮሌጅቪል ደረሱ፤ ከዚያም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው ለአሥርተ ዓመታት ከማንበቢያው መሣሪያ ፊት አልተለዩም። የካታሎጉን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቅጾች ያዘጋጀው ዊልያም ማኮምበር ሲሆን፣ ከ1979ኙ አራተኛ ቅጽ ጀምሮ ጌታቸው ገቡበት፤ በ1993 የታተመው ዐሥረኛው ቅጽ ሥራውን እስከ ቁጥር 5000 አደረሰው።

በእነዚህ ቅጾች ውስጥ የተለወጠው ዋና ነገር የመግለጫው ጥልቀት ነው። የዜማ፣ የቅኔና የትርጓሜ ቤትን ልማድ የሚያውቅ ሰው የሚያዘጋጀው ካታሎግ መጽሐፉ «መዝሙረ ዳዊት» መሆኑን ብቻ ነግሮ አያልፍም፤ በመጨረሻው ቅጠል ላይ የተጻፈውን የበሬ ሽያጭ ውል፣ በሌላ ገጽ የሰፈረውን የማኅበር ጠጪዎች ስም ዝርዝር፣ ከሌላ መጽሐፍ ተቀዶ ለመሸፈኛ የዋለውን ብራና፣ በአንድ መልክእ ብቻ የሚገኘውን ልዩ ንባብ ለይቶ ያሳያል። ጌታቸው በዚህ ፍለጋ ያገኟቸውን ድርሰቶች እየለዩ አሳትመዋል፤ ከሁሉም በላይ የሚታወቁት በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ለንጉሥ አንሰግድም በማለታቸው ስለተሳደዱት ስለ ደቂቀ እስጢፋኖስ ያወጧቸው መጻሕፍት ናቸው። እነዚህ መነኮሳት በይፋው ታሪክ መናፍቃን ተብለው ለዘመናት ሲጠቀሱ የኖሩ ሲሆን፣ የራሳቸው ድምፅ የተሰማው የእነርሱን ገድል በግእዝ ያነበበ ሊቅ በመገኘቱ ነው። በ1988 የማክአርተር ሽልማትን ሲቀበሉም ካታሎግ የማዘጋጀት ሥራ የሁለተኛ ደረጃ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው የሚለው አስተሳሰብ ቢያንስ በኢትዮጵያ ጥናት ውስጥ ተሰበረ።

ካታሎጉ ወደ መረብ ከመውጣቱ በፊት አንድ ቴክኒካዊ መሰናክል መወገድ ነበረበት። ኮምፒዩተር የኢትዮጵያን ፊደል ማንበብ የጀመረው በ1980ዎቹ ቢሆንም፣ እያንዳንዱ የጽሕፈት ፕሮግራም ፊደሉን በራሱ መንገድ ይቆጥር ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል። በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ዕትም ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቋሚ ቁጥር ሰጠው፤ ዩኒኮድ ማለት የዓለም ፊደላት ሁሉ በየትኛውም መሣሪያ ላይ አንድ ዐይነት ሆነው እንዲታወቁ የሚያደርግ የጋራ የቁጥር ሥርዓት ነው። ከዚህ በፊት በአሮጌ ፎንቶች የተተየቡ የአማርኛ ጥናቶች ግን እስከ ዛሬ በፍለጋ አይገኙም፤ ገጹ ለዐይን ይነበባል፣ ለማሽኑ ግን ባዶ ነው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቀለም ተመለሰ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጀርቨርስና የኡፕሳላዋ ኤቫ ባሊትስካ ቪታኮቭስካ ከመጻሕፍት፣ ከግድግዳና ከገበታ የተነሡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ሥዕሎችን «መዝገበ ሥዕላት» በሚል ስም በመረብ አሰባሰቡ። በ2006 ወደ ጉንዳ ጉንዴ ዘለቁ፤ ጉንዳ ጉንዴ በምሥራቅ ትግራይ በእግርና በአጋሰስ ብቻ የሚደረስበት፣ ከስደት የተረፉት ደቂቀ እስጢፋኖስ የተጠጉበት ገዳም ነው። እዚያ የተነሡት ከ200 በላይ መጻሕፍት፣ በአብዛኛው ከ15ኛውና ከ16ኛው መቶ ዓመት የመጡ፣ በጥንቃቄ በተቆላለፉ ሐረጎቻቸው የሚታወቁ ናቸው፤ ሐረግ የሚባለው በገጽ አናትና ዳር የሚሣል የተጠላለፈ የመስመር ጌጥ ነው። ማይክሮፊልሙ ያልደረሰበት ገዳም በዚህ መንገድ በሙሉ ቀለም ለዓለም ተከፈተ፤ የጌታቸው ንባብ ድምፃቸውን የመለሰላቸው መነኮሳት የእጃቸው ሥራም ታየ።

በእነዚያው ዓመታት የሥራው አካሄድ ተለመደ። ቡድኑ ከሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል፤ ገበዙና ካህናቱ ካልተስማሙ ደብዳቤው ብቻውን ዕቃ ቤት አያስከፍትም። መጽሐፉ ከማኅደሩ ወጥቶ በድጋፍ ላይ ይቀመጣል፣ አቧራው ይጠረጋል፣ ከገጹ አጠገብ የቀለም መለኪያ ካርድና ማስመሪያ ይደረጋል፣ ከዚያም እያንዳንዱ ቅጠል ፊትና ጀርባው ይነሣል። መብራት ከሌለ ጄኔሬተር፣ ጄኔሬተር ከሌለ የፀሐይ ብርሃን ይጠበቃል። ከፎቶው በላይ ጊዜ የሚወስደው ሜታዳታው ነው፤ ሜታዳታ ማለት ስለ መረጃው የሚጻፍ መረጃ፣ ማለትም መጽሐፉ የት፣ በማን እጅ፣ በምን ቁመትና ስፋት፣ በስንት ዓምድ፣ በየትኛው ዘመን ጽሕፈት እንደተገኘ የሚገልጸው መዝገብ ነው። ያለ እርሱ አንድ ሺህ ፎቶ ያለበት ፋይል ርእስ የሌለው መጽሐፍ ነው።

ሰብሳቢዎቹ ሲበዙ የሚሰበሰበውም ሰፋ። ከ2005 ጀምሮ በአሜሪካ ኦሪገን በስቲቭ ዴላማርተር የተመራው ፕሮጀክት በግለሰቦች እጅ ያሉትን ትናንሽ የጸሎት መጻሕፍትና ክታቦችን ጭምር አነሣ። ቀደምት ሊቃውንት «አስማት» እያሉ ንቀው ያለፉት የክታብ ጥቅል፣ የአንድን ሰው ሕመምና ስም ስለሚጠቅስ ስለ ተራ ሰው ሕይወት ከገድላት ይበልጥ የሚናገርበት ጊዜ አለ። በ2004 የተጀመረው የብሪቲሽ ላይብረሪ የጥፋት አደጋ ላይ ያሉ መዛግብት ፕሮግራም በበኩሉ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ብራናዎችና የላይ ቤት አንድምታ የተባለውን የመጻሕፍት ትርጓሜ ለመሳሰሉ ሥራዎች ድጋፍ ሰጠ፤ የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲው ዴኒስ ኖስኒትሲን ደግሞ ከ2009 እስከ 2015 የሰሜን ኢትዮጵያን፣ በተለይም የትግራይን ትናንሽ አብያተ ክርስቲያናት እየዞረ መዘገበ።

የእስልምናው ጽሑፍ ከብዙ መዘግየት በኋላ ተራው ደረሰው። በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የነበሩት የዐረብኛ መጻሕፍት ዝርዝር በአሌሳንድሮ ጎሪና ባልደረቦቹ በ2014 ታተመ፤ ጎሪ ከ2013 እስከ 2018 የመራው የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ጥናትም የአፍሪካ ቀንድን የእስልምና ድርሳናት በአንድ የመረጃ ቋት ለማሰባሰብ የታሰበ ነበር። በእነዚህ መጻሕፍት ከፊቅህና ከሰዋስው ሌላ መውሊድ፣ መንዙማና በዐጀሚ፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ፣ በሐረሪና በሌሎች ቋንቋዎች የተጻፉ ግጥሞች አሉ። የአማርኛን ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ከግእዝ ፊደል ጋር ብቻ ሲያያይዝ የኖረው ልማድ ከዚህ ወዲያ ለመቀጠል ይቸግረዋል።

በዩኒቨርሲቲዎቹ በራሳቸው ግቢ ውስጥ ደግሞ ሌላ ክምችት ሳይታይ አድጎ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1978 የድኅረ ምረቃ ትምህርት ከጀመረ ወዲህ የተጻፉት የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች በኬኔዲ ቤተ መጻሕፍትና በየክፍሉ መደርደሪያ ተጠርዘው ተቀምጠው፣ ሊያነብባቸው የፈለገ ሰው በአካል መሄድ ነበረበት። በ2002 የአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምና ኤች ፒ ኩባንያ ዲስፔስ የተባለውን ፕሮግራም በነጻ ሲለቁ ነገሩ ተቀየረ፤ ዲስፔስ አንድ ተቋም የምርምር ሥራዎቹን እንዲያከማችና ቋሚ አድራሻ ሰጥቶ እንዲያቀርብ የሚያስችል ሶፍትዌር ሲሆን፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎቹን የሚያቀርበው በዚሁ ነው። የከብት በሽታ፣ የኮንዶሚኒየም ቤት፣ የቅኔ ዐይነት፣ የውኃ ግድብ ደለልና የሕገ መንግሥት አንቀጽ በአንድ የመፈለጊያ ሣጥን ሥር መዋላቸው አስቂኝ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የአገሪቱን የአርባ ዓመት ጭንቀትና ጉጉት በዚህ መጠን የሚያሳይ ሌላ መዝገብ አይገኝም።

በ2019 የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በመንግሥት ገንዘብ የተሠሩ ጥናቶች ለሁሉም ክፍት እንዲሆኑ የሚያዝ አገር አቀፍ ፖሊሲ አወጣ፤ የዩኒቨርሲቲዎቹ ሥራዎችም ናድሬ በሚባለው ብሔራዊ የአካዳሚ ዲጂታል ማከማቻ እንዲገቡ ተወሰነ። ፖሊሲው ግን የፊደል ችግርን አይፈታም። በአማርኛ «ሐ» እና «ሀ»፣ «ሠ» እና «ሰ»፣ «ፀ» እና «ጸ» እየተለዋወጡ ስለሚጻፉ፣ «ሥነ ጽሑፍ» ብሎ የፈለገ ሰው «ስነ ፅሁፍ» ተብሎ የተመዘገበውን ሊያጣው ይችላል፤ የመዝጋቢው ጥንቃቄ እንደ ጥንቱ የካታሎግ አዘጋጅ ጥንቃቄ ዛሬም ወሳኝ ነው።

ሙዚቃው የራሱን መንገድ ሄደ። የሐርቫርዷ ኬይ ካፍማን ሼለመይ በ1973 ጎንደር አካባቢ የቤተ እስራኤልን የጸሎት ዜማ በመቅዳት የጀመረችው ጥናት ወደ ቅዱስ ያሬድ ዜማ፣ ከዚያም አብዮቱ ወደ አሜሪካ ወደበተናቸው ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች ተሻገረ፤ ከእነርሱ ጋር ያደረገቻቸው ቃለ መጠይቆች በዋሽንግተን በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። የ1906ቱ የሰም በርሜል የአንድን ዘፋኝ ድምፅ ይዞ ታሪኩን ሲተው፣ ይህ ስብስብ ሁለቱንም ይዟል።

ከ2015 ጀምሮ የተበታተኑትን ክምችቶች የማገናኘት ዘመን መጣ። የኮሌጅቪሉ ቤተ መጻሕፍት አሮጌዎቹን ማይክሮፊልሞች ወደ ዲጂታል ቀይሮ፣ ከአዳዲሶቹ ባለቀለም ፎቶዎች ጋር በነጻ ተመዝግበው የሚያነቡበት የመረብ ክፍል ከፈተ። በ2016 በሐምቡርግ በአሌሳንድሮ ባውሲ መሪነት የተቋቋመውና እስከ 2040 እንዲዘልቅ የታቀደው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ፕሮጀክት፣ በየአገሩ ያሉትን የግእዝ መጻሕፍት፣ ድርሰቶች፣ ሰዎችና ቦታዎች በአንድ የመግለጫ ሥርዓት ማያያዝ ጀመረ፤ አንድ ተጠቃሚ በፓሪስ፣ በለንደንና በትግራይ የተበተኑትን የአንድ ገድል ቅጂዎች ጎን ለጎን ሊያይ የሚችለው በዚህ ነው። በፕሪንስተን ደግሞ ዌንዲ ቤልቸር ያስጀመረችው ሥራ ተአምረ ማርያምን በየተአምሩ ነጣጥሎ፣ የእያንዳንዱን መነሻ ቃልና ሥዕል እየመዘገበ የትኛው ተአምር መቼና የት እንደተስፋፋ ይከታተላል።

የብሪታንያ ሙዚየምን ብራናዎች የወረሰው ብሪቲሽ ላይብረሪም ከመቅደላ የመጡትን ጨምሮ የግእዝ መጻሕፍቱን በብዛት ዲጂታል አድርጎ በ2018 ትርኢት አሳየ። በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ይህ ለጋስነት ነበር፤ በኢትዮጵያ በኩል ግን ፎቶው የመጽሐፉን መመለስ ጥያቄ እንደማይዘጋ ግልጽ ነበር። በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት ተነሥቶ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት አደጋ ላይ ሲወድቁ፣ ቀድመው የተነሡት ፎቶዎች የሌላ ዐይነት ዋጋ አገኙ፤ በጨረታ ገበያ ብቅ የሚል መጽሐፍ የማን እንደነበረ ለማስረዳት የሚቻለው ቅጠሉ፣ ሐረጉና የኅዳግ ማስታወሻው ተመዝግቦ ከሆነ ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ይህ ጦርነት ሳያበቃ በሰኔ 2021 አረፉ።

በጥቅምት 2023 በብሪቲሽ ላይብረሪ ላይ በደረሰው የሳይበር ጥቃት የተቋሙ የመረብ አገልግሎት ተቋርጦ ዲጂታል ብራናዎቹም ከአንባቢ ራቁ። የመቅደላ መጻሕፍት በመደርደሪያቸው ነበሩ፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ በስክሪን ያነባቸው የነበረው ተመራማሪ ግን ራይት በ1877 ወዳሳተመው የወረቀት ካታሎግ ተመለሰ። የሚኒሶታው ክምችት በሌላ ሥርዓት ላይ ስለቆመ ሥራውን አላቋረጠም፤ ጌታቸው ያልደረሱባቸው ከ5000 በላይ ያሉት የማይክሮፊልም ቁጥሮችም መግለጫቸው አንድ በአንድ በመረቡ ላይ እየተጻፈ ነው።